ውጤቱን ለኔ እንዳትነግሩኝ

ውስጥ እግራችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው? ኧረ አሁን ካልሲ አታውልቁ፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቅኋችሁ። እኔ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም ነበር። ለምን ብዬ? ፊቴን ራሱ በወጉ የማየው ጢሜን ስላጭ ነው። እግሬ ከታች ተሸክሞኝ ይዞራል፣ እኔ ከላይ ሆኜ እረሳዋለሁ፣ በዚሁ ተስማምተን በሰላም ስንኖር ባለቤቴ ብዙነሽ አየችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ከመስታወት ቤት ቁጭ ብዬ ሰው ሁሉ ቲኬቴ ጠፋኝ ሲለኝ እውላለሁ። የዚያን ቀን ደክሞኝ ገብቼ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩና እግሬን ጠረጴዛ ላይ ሰቀልኩ። ብዙነሽ አልፋኝ ሄደች። ተመለሰች። ጎንበስ አለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ተረከዝህ ላይ ያለው ጥቁር ነገር።»

«ቆሻሻ ነዋ!»

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ቆሻሻ መሆኔን በፈቃዴ ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሳሙና አሸሁት፤ አልለቀቀም። በእግር ድንጋይ ፈገፈግኩት፤ ቆዳዬ ለቀቀ እንጂ እሱ አልለቀቀም። ልጃችን ሜሮን የጩኸቴን ምክንያት ልታጣራ መጣች፤ አየችውና «ኢው! ዳድ፣ ዋት ኢዝ ዛት?» ብላ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በስልኬ አንድ ሊንክ ላከችልኝ። አንድ ቤት ውስጥ ነን እኮ።

ምነው ባልከፈትኩት! ለካ ቆዳ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ዘር ማንዘር አለው። ከነዚያ ሁሉ መሃል ክፉው ዕጢ ግን ምልክት አለው ይላል። ግማሹ ከግማሹ ጋር ካልተመሳሰለ፣ ጠርዙ ከተቦጫጨቀ፣ ቀለሙ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ ከእርሳስ ላጲስ ከሰፋ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከተለወጠ፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ተለውጧል ወይ? ትናንት መኖሩን የማላውቀውን ነገር ዛሬ ተለውጧል አልተለወጠም የምለው በምን አውቄ ነው? ከታች ደግሞ በጥቁር ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው መዳፍ ላይ፣ ጥፍር ሥርና ውስጥ እግር ላይ ነው ብሎ ጨረሰኝ። ዕድሜ ልኬን ፀሐይ ያላስነካሁት ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር!

ከሜሮን ቦርሳ እርሳስ አውጥቼ ልለካ ሞከርኩ። ቦርጭ ላለው ሰው የገዛ ተረከዙን ማየት ምን ያህል መከራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መስታወት ወለሉ ላይ አድርጌ ቆምኩበት፤ ተሰነጠቀ። ከዚያ በስልክ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አርባ ምናምን ካነሳሁ በኋላ አንዱ ጥርት ብሎ ወጣና ለብዙነሽ ልላክላት ብዬ ለእድራችን ግሩፕ ላክሁት። ከአስፐን ሂል እስከ አናንዴል ያለው የእድሩ አባል በሙሉ ያለበት ግሩፕ ነው። ደንግጬ ላጠፋው ስል ከኔ ስልክ ብቻ አጠፋሁት። ተረከዜ የሰው ሁሉ ስልክ ላይ ሲቀር እኔ ጋ ብቻ የለም።

መልሱ መዝነብ ጀመረ። አንዱ «ኪንታሮት ነው፤ በፈረስ ጭራ እሰረው» አለ። ተረከዝ በምን ተአምር ነው የሚታሰረው? ፈረሱንስ ከየት አመጣለሁ? ሌላው «ጭርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ቀባበት» አለ። «ምች ነው፣ ዳማከሴ!» ያለ አለ። «ቡግንጅ ነው፤ እንዳትነካው፣ ይብሰልና ራሱ ይፈነዳል» ያለም አለ። የሮክቪሉ ሰውዬ «አልማዝ ባለጭራ ናት! ዙሪያህን ከዞረችህ አለቀልህ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም ተቀምጬ ከተረከዜ ተነስታ እኔን ለመዞር ስንት ቀን እንደሚፈጅባት ማሰላሰል ያዝኩ። አንዲት እናት ደግሞ ከላይ ያለውን ሳያነቡ «እግዚአብሔር ይማርህ» የሚለውን ብዛት ብቻ አይተው «ወይኔ ወይኔ! መቼ አረፈ? ለቅሶው የት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ምክር አይመርጥም። ሁሉንም ሞከርኩ። ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጬ ሌሊቱን ሙሉ በካልሲ አስሬው አደርኩ። ሲነጋ ቆዳው ተቃጥሎ ነጥቡ ዙሪያውን ቀላ፣ ጠርዙ ተቦጫጨቀ፣ ጎኑ ላይ ውሃ ቋጠረ። ትናንት ከምልክቶቹ አንዱን እንኳ በቅጡ የማያሟላ ሰውዬ በአንድ ሌሊት ሁሉንም አሟላሁ። ሥራ ቦታም ሰው ከሽታዬ የተነሳ መስኮቱን ሳይከፍት ቲኬት ሊሰጠኝ ይሞክር ጀመር።

በዚህ መሃል ነው ጋሽ መኩሪያ ኮል ያደረጉኝ። ጋሽ መኩሪያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የሰባ አራት ዓመት ሰው ናቸው። አገር ቤት የጦር ሠራዊት ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ። እዚህ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነዱ። ጡረታ ሲወጡ ታክሲውን መለሱ እንጂ ድሬሰርነቱን አልመለሱም። እኛ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችን በፊት እሳቸውን እንጠይቃለን፣ ሄደን ስንመለስም ሐኪሙ ትክክል መሆኑን እሳቸውን እንጠይቃለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ከአገር ቤት መርዶ የመጣ እንደሆነ በጠዋት በር አንኳኩቶ የሚናገር ሰው ሲፈለግ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«አንተ ገልቱ! እግርህን ለሕዝብ ከምታሳይ አምጥተህ አታሳየኝም?» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቄ በሩን ከፈቱልኝ። እትዬ ወርቄ ሃያ ዓመት ሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው አስገቡኝ። ጋሽ መኩሪያ እግሬን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ በላዩ ላይ ደግሞ አጉሊ መስታወት ያዙ።

«ማነው ደንቆሮ ነጭ ሽንኩርት ያደረገብህ?»

«እኔ ነኝ ጋሽዬ።»

«አውቄዋለሁ።»

ይሄን ሲሉኝ ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ጋሽ መኩሪያ እስከተሳደቡ ድረስ ነገሩ ደህና ነው። «ስማ» ብለው ቀጠሉ፣ «ቆዳ ላይ የሚወጣው አምስት ዓይነት ነው። ጣትህን ስታሳርፍበት የማይሰማህ ጠፍጣፋ፣ የሚሰማህ እብጠት፣ ውሃ የቋጠረ፣ መግል የቋጠረ፣ የሚቀረፈው። የቀረው ሁሉ የነዚህ ዘመድ ነው። እኔ በሻማ ብርሃን ለይቼዋለሁ።»

«የኔስ የትኛው ነው?»

ጎንበስ ብለው አዩ። ቆዩ። «ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«አያምም...» አሉና አጉሊ መስታወቱን አስቀመጡ። የራሳቸውን እግር ወደ ሶፋው ሥር ሳብ አደረጉ። «ሐኪም ዘንድ ሂድ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ክሊኒኩን ስታገኝ ደግሞ አድራሻውን ላክልኝ፤ ለአንድ ሰው እፈልገዋለሁ።»

ጋሽ መኩሪያ ሐኪም ዘንድ ሂድ ሲሉ የሰማ ሰው የለም። በመንገድ ላይ እያለቀስኩ ነዳሁ። ሁለት ጊዜ መውጫዬን አለፍኩት።

ቀጠሮ ያገኘሁት ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። አድራሻውን ግን ቀጠሮውን በያዝኩበት ቀን ለጋሽ መኩሪያ ላክሁላቸው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ በሆነች መብራት ባላት መነጽር አየችኝ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ነገርኳት፣ መሳቋን በማስኩ ላይ አየሁት። ለማንኛውም ቆንጥረን እንመርምረው አለችና ከተረከዜ ላይ ቆርጣ ወሰደች። ስወጣ ነርሷ ፎርም ሰጠችኝ።

«ውጤቱ ሲወጣ ስልክህ ላይ በአፑ ታየዋለህ» አለችኝ።

«እኔ? ራሴ?»

«አዎ፣ ያንተ ውጤት ነዋ።»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ለባለቤቱ ቀድሞ አይነገርም። ዘመድ ይሰማል፣ ዘመድ ይመክራል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ በጠዋት በር ይንኳኳል። ሰው ብቻውን መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ሲቀበል ስልኩ ጢን ብሎ ልትሞት ነው ይባላል እንዴ? «ለኔ እንዳትነግሩኝ» አልኳት። «ለኚህ ሰው ንገሩ፤ እሳቸው አነጋገሩን ያውቁበታል።» የጋሽ መኩሪያን ስምና ስልክ ጻፍኩ። ነርሷ ሦስት ጊዜ እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፈረምኩ። መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ አፑን ከስልኬ ላይ አጠፋሁት።

አንድ ሳምንት አለፈ። ጋሽ መኩሪያ ስለ ውጤቱ ምንም አላሉኝም። ይልቅስ በየቀኑ መደወል ጀመሩ። «ልጄ፣ እንዴት አደርክ? እግርህን አትርገጠው እሺ? ብርድ እንዳይመታህ።» ልጄ! እኔ ለሳቸው ሃያ ዓመት ገልቱ ነበርኩ። ስልኩን ዘግቼ ብዙነሽን «ሰምተዋል፤ ነገሩ አልቋል» አልኳት።

«ሰውዬው እንዲሁ ደግ ሊሆኑልህ አይችሉም እንዴ?»

«ጋሽ መኩሪያ? ያለ ምክንያት?»

አሰበች አሰበችና «እሱስ ልክ ነህ» ብላ ወጥ ልታማስል ገባች።

ሁለተኛው ሳምንት ውስጥ መሞቴን ጀመርኩት። ለብዙነሽ የመኪናውን ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩ አሳየኋት። በየሳምንቱ ሁለት ቦታ ላይ የሚያቆመውን ያንን ባለ ትልቅ መኪና ሰውዬ ይቅር አልኩት፤ ይቅር ማለቴን ስነግረው ምኑን እንደሆነ አላወቀም። ሜሮንን ሳላስፈቅድ አቀፍኳት። «ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት፤ አላመነችኝም። አሁን ስታነቡት ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን የዚያን ሰሞን ልጄ ስትመረቅ የሚነሳው ፎቶ ላይ የት ጋ እንደማልኖር እያሰብኩ ነበር የምውለው።

ዓርብ ዕለት ሥራ ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። የክሊኒኩ ቁጥር ነው። «ስለ ምርመራው ውጤት...» ስትል «ለኔ እንዳትነግሩኝ ፈርሜአለሁ እኮ!» ብዬ ጮኼ ዘጋሁባት። ከፊቴ ያለው ሾፌር ደንግጦ ቲኬቱን ጥሎት ሄደ። ነርሷ መልሳ ደወለች።

«ጌታዬ፣ እባክህ አትዝጋው። ስላንተ አይደለም።»

«ተመስገን!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የማን እንደሆነ ሳልሰማ ነው ተመስገን ያልኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ስለ ሚስተር መኩሪያ ነው» አለች። «ውጤታቸውን ላንተ እንድንነግር፣ ለሳቸው እንዳንነግር ፈርመዋል። ልክ እንዳንተ ነው ያደረጉት። ከናንተ ሰዎች ሁለተኛው ናቸው፤ እኛም ለምደነዋል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሜላኖማ የሚለውን የዚያን የክፉውን ዕጢ ስም ጠራችው። ማክሰኞ ስፔሻሊስት ዘንድ መቅረብ አለባቸው፣ አንድ ቀን ማለፍ የለበትም አለችኝ። ያንተንማ ለሳቸው ከነገርናቸው ሳምንት አልፎታል፣ ልንገርህ ወይ ስትለኝ አይሆንም አልኩ። ያን ሰዓት ሌላ ነገር የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም።

እንግዲህ ማን ይንገራቸው? ብዙነሽ «ብቻህን ሄደህ እንዳትናገር!» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ሽማግሌ መያዝ ያስፈልጋል። የማን መሆኑን ሳልገልጽ ለሦስት ሰው ደወልኩ። ለአንድ አዛውንት ክፉ ወሬ የሚነግር ሰው ፈልጌ ነበር አልኳቸው። ሦስቱም እንደተነጋገረ ሰው «ጋሽ መኩሪያን ይዘህ ሂድ፤ እሳቸው ያውቁበታል» አሉኝ።

ቅዳሜ በጠዋት ብቻዬን ተነሳሁ። ድልድዩን እስክሻገር ድረስ የምናገረውን ለራሴ ደጋግሜ ስለው ነበር። ጋሽዬ፣ ዘንድሮ መድኃኒቱ ተሻሽሏል... ጋሽዬ፣ እግዚአብሔር ያውቃል... እንደምንም ደረስኩ። እትዬ ወርቄ ከፈቱልኝና ፊቴን አይተው ምንም ሳይሉ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ጋሽ መኩሪያ ሶፋው ላይ ነበሩ።

«ብርዱ ዘንድሮ አይቻልም» አልኳቸው።

«አይቻልም።»

«መንገዱም ተጨናንቋል።»

«አንተ ገልቱ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «እኔ ስንት ቤት አንኳኩቼ የተናገርኩ ሰው ነኝ። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ፊት ይጠፋኛል? ቆይ፣ መጀመሪያ ያንተን ልንገርህ። ያንተዋ ማርያም የሳመችህ ናት። ምንም አይደለም።»

«ምን? ተረከዜን? መቼ ነገሩዎት?»

«ባለፈው ሐሙስ ሳምንት።»

«ዘጠኝ ቀን! ጋሽ መኩሪያ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየሞትኩ!»

«አውቃለሁ።»

«ምን አደረግኩዎት እኔ? ለምን?»

ጣሪያውን አዩ። «ብነግርህ ደስ ብሎህ ወደ ቤትህ ትገባ ነበር» አሉ። «እኔ ብቻዬን ልጠብቅ ነው? ፈራሁ። ሁለት ሆነን ብንፈራ ይሻለኛል ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው የቀኝ እግራቸውን ካልሲ አወለቁ። አየሁት። የአውራ ጣት ያህል ነው። ባንድ ወገን ጥቁር፣ በሌላው ቡናማ፣ ጠርዙ ቀለም የፈሰሰበት ይመስላል። ሜሮን በላከችልኝ ሊንክ ላይ ያለው ምልክት ሁሉ አለበት፤ ያውም ያለ ነጭ ሽንኩርት።

«ስንት ጊዜው ነው ጋሽዬ?»

«አራት ዓመት። ታክሲዋ ላይ ፍሬን ስረግጥ የበለዘ ነው እያልኩ። አያምማ! የሰውን ሁሉ ገላ እያየሁ... ያንተን ተረከዝ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩ ቀን ነው ልብ ያልኩት።» ካልሲውን በእጃቸው ጨበጡት። «በል ንገረኝ። ሳታሽሞነሙን።»

በመንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ክፉው ነው ጋሽዬ» አልኩ። «ማክሰኞ ይፈልጉዎታል። አይቆይም ብለዋል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ አጮልቀው አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ወርቄ እንዳትሰማ» አሉ። «ትሞትብኛለች። ቀስ ብለን፣ ሰው ሰብስበን፣ ደህና ቀን መርጠን...»

«ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው ቀጠሮው» አሉ እትዬ ወርቄ። በሩ ላይ ቆመዋል። «ረቡዕ ከሆስፒታሉ ቀጠሮውን ሊነግሩ ቤት ስልክ ላይ ደውለው ነበር፤ አንተ ገላህን እየታጠብክ ነበር። የካንሰሩ ፎቅ ስልክ መሆኑ ይጠፋኛል? ሃያ ዓመት አንሶላቸውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ?»

ጋሽ መኩሪያ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ? የሚነግርህ ሰው ስፈልግ ነበራ። አራት ቀን ሙሉ ለማን ልደውል እያልኩ።» ወደ ሶፋው መጡ፣ ካልሲውን ከባላቸው እጅ ወሰዱ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው መልሰው አጠለቁላቸው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ነገርከው?»

«አዎ፣ እትዬ ወርቄ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ» አሉ። «እንግዲያው አሁን ላልቅስ።» እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።